ለዳገት የሚሆን ድምፅ

አቶ ሽመክት ቆሙ። ሲቆሙ እንደ ልማዳቸው አያስጠነቅቁም፤ ስለዚህ ከእሳቸው ቀኝ ጆሮ ተነሥቶ በልጃቸው በፀደንያ ግራ ጆሮ የሚያልቀው የማዳመጫ ገመድ ተወጠረና የእሷን ጫፍ መንጭቆ አወጣው።

«አባባ! አሁን ደግሞ ምን ሆኑ?»

«ዝም በይ። ወንጌል እየተነበበ ነው።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ከጁባ ወጣ ብሎ ባለው በረጃፍ ሜዳ መካከል፣ ከፀሐይ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ፀደንያ የወደቀውን ጫፍ ከሣር ላይ አንሥታ አቧራውን አራገፈችና ጆሮዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው። ሰባኪው በእርግጥም ከወንጌል እየጠቀሰ ነበር። ጠቅሶ ሲጨርስ አባቷ ባርኔጣቸውን ደፍተው ጥቂት ተራመዱ። ወዲያው ሰባኪው ለምሥክርነት ከሌላ ወንጌል ጠቀሰ፤ ባርኔጣው ወረደ፤ ገመዱም ተወጠረ።

«ይህ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ስልክ ነው» አለች ፀደንያ።

«ቃሉ ያው ነው። እየተንጎራደደ ወንጌል የሚሰማ ሰው የት አይተሻል? እናትሽ ብትሰማሽ ምን ትላለች?»

ከኋላቸው፣ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ያቆሟት መኪና ገና ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከፊታቸው ደግሞ የረጃፍ ተራራ፣ ከነጭ ዐባይ ዳር ብቻውን ብድግ ያለው ያ ድንጋያማ ጉብታ፣ የሚወጣው አጥቶ ይጠብቃቸዋል።

ነገሩ የሽርሽር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ፀደንያ ባልከፋት። ሐኪሙ ግን የአቶ ሽመክትን የደም ስኳር ካየ በኋላ ቁርጡን ነግሯቸዋል። በአዘቦት ቀን በግቢያቸው፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ላብ በሚያወጣ ዳገት እየሄዱ እስከ ፋሲካ ድረስ ስኳሩን ካላወረዱት መርፌ ይጀምራሉ። መርፌው ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ጁባ ላይ ናፍታ በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ይተኛል፤ ጄኔሬተር ሲተኛ ማቀዝቀዣው ይሞቃል፤ መድኃኒቱም ይበላሻል። ስለዚህ ሐኪሙ «መርፌ» ያለው ነገር ለአቶ ሽመክት ጆሮ «ሆቴልህን ዘግተህ አዲስ አበባ ግባ» ማለት ነበር። በሀይ ጀላባ ሰፈር በገዛ እጃቸው ያቆሙትን ቤት፣ በየማለዳው ወንበር አውጥተው ከአላፊ አግዳሚው ጋር በጁባ ዐረብኛ «ኢታ ኬፍ?» «ኩዌስ» እየተባባሉ ሰላምታ የሚለዋወጡበትን ደጃፍ ትተህ ሂድ ማለት ነበር።

«እዚያ ገብቼ ምን ልሆን ነው?» አሉ ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጡ። «የሰው ሳሎን ውስጥ ሪሞት ይዤ ልሙት?»

ይህን የሚያህል ነገር ከፊታቸው ተደቅኖ ሳለ፣ ሰውየው በባዶ ጆሮ አልሄድም አሉ። ጁባን ካመሳት ከሐምሌው ተኩስ ወዲህ ጸጥ ያለ ሜዳ አይወዱም፤ ዝምታ ከበዛ አንድ ነገር ሊፈነዳ ነው ይላሉ። ዘፈን እንዳይሰሙ ዐቢይ ጾም ገብቷል። የቀረው የሰው ንግግር ብቻ ነበር፤ እሱን የመምረጡ ዕዳም በፀደንያ ላይ ወደቀ።

ፀደንያ ደግሞ የተሰጣትን ሥራ ሁሉ እንደ ፈተና የምትቀበል ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቃ ጁባ ከሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥራለች። ከሥራ ሰዓት በኋላ በቢሮው ኢንተርኔት ንግግር እያወረደች፣ እያዳመጠች፣ እያጣራች ቆየች። ሰው መልካም ነገር እየሰማ ቢራመድ እግሩና አእምሮው አብረው ይጠነክራሉ ብላ ከልቧ ታምን ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ስኳር በሽታ የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ ዝግጅት አሰማቻቸው። አቶ ሽመክት ስለ ዐይን መታወርና ስለ እግር መቆረጥ እስኪነሣ ድረስ በትዕግሥት ሰሙና ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቀሉት። «ይህ ሰውዬ ምን በድዬው ነው በጠዋት ሞቴን የሚያረዳኝ?» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ትረካ አመጣች፤ ድምፁ የሚጥም፣ ታሪኩ ልብ የሚሰቅል። አቶ ሽመክት እጅግ ወደዱት። ከመውደዳቸው የተነሣም ማንጎው ሥር ተቀመጡ።

«አባባ፣ እየሄድን ነው እኮ የምንሰማው!»

«ይህን የመሰለ ነገር እየሄዱ? ሰው ሲተርክልሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትሄጃለሽ?»

ይባስ ብለው በመንገዱ ዳር ሻይ የምታፈላውን ሴት ጠሩ። ሴትየዋ በጁባ ወግ የብርጭቆውን ሩብ በስኳር ሞላችው። ፀደንያ ነጥቃ እስክትደፋው ድረስ አባቷ ግማሹን ጠጥተውት፣ ገጸ ባሕርዩ ከወንዙ መውጣት አለመውጣቱን በጭንቀት ይከታተሉ ነበር።

ዛሬ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው፤ የዛሬው ደግሞ ይህ ነው፤ ስብከትና ባርኔጣ።

እንዲህ እየቆሙ እየሄዱ እንደ ምንም ተራራው ግርጌ ደረሱ። እዚያ ድንጋይ እየፈለጡ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ፣ ዕድሜዋ የገፋው፣ መዶሻዋን አስቀምጣ ሁለቱን ያያዘውን ገመድ ተመለከተችና ከት ብላ ሳቀች።

«ያ ሀበሻ! ዘይ ገነማያ!»

እንደ ፍየል፣ ማለቷ ነው። ማን ማንን እንደሚጎትት ግን አላብራራችም።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ማማ!» አሉ አቶ ሽመክት፣ ችግር የለም ለማለት እጃቸውን እያነሡ። ከዚያም ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። «በቃ፤ ለዛሬ ይህ ይበቃል።»

«ምኑ ነው የሚበቃው? ዳገቱን መቼ ጀመርነው?»

«አትቆጪኝ። ስብከቱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ።»

 የፀደንያ ጆሮ ከመመንጨቅ ብዛት ቀልቷል፤ የሳምንት ድካሟም ሜዳ ላይ ፈሷል። ገመዱን ከራሷ ስልክ ነቀለችና እጇን ዘረጋች።

«የእርስዎን ስልክ ያምጡ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«አላውቅም። የሚናገር ነገር ልፈልግበት። ማንም ይሁን፤ ብቻ ይናገር።»

ስልኩ ላይ ገና ያልተከፈቱ የድምፅ መልእክቶች ተደርድረው አገኘች። ሁሉም በሆቴሉ ዋይፋይ ገብተው ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ከአንድ ሰው ከበድሉ የተላኩ ናቸው።

አቶ በድሉ የአባቷ ሸሪክ ነበሩ። ሆቴሉን አብረው ከፈቱት፤ አንዱ ኦርቶዶክስ አንዱ ጴንጤ ሆነው በየማለዳው በሃይማኖት ይከራከሩ ነበር፤ በክርክሩም ደስ ይላቸው ነበር። የሐምሌው ተኩስ በመጣ ጊዜ በድሉ በተገኘው አውሮፕላን ወጡ፤ አቶ ሽመክት ሆቴሉን እየጠበቁ ቀሩ። ወራት አልፈው በድሉ ሲመለሱ አቶ ሽመክት የበድሉን ፊት ሊያዩ አልወደዱም። በድሉም ሀይ ማላካል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍተው፣ እንደ ጥንቱ በየማለዳው ለሽመክት መናገራቸውን ቀጠሉ፤ በስልክ። አባቷ መልእክቶቹን አይከፍቷቸውም፤ አያጠፏቸውምም።

«እሱን እንዳትነኪ» አሉ አቶ ሽመክት ከድንጋያቸው ላይ።

«ንግግር ነው። ዘፈን አይደለም፤ ትረካ አይደለም፤ ባርኔጣም አያስወልቅም።»

«ከዳተኛ ነው!»

«እንግዲያው የከዳተኛ ንግግር እንስማ» አለችና ገመዱን ሰክታ ተጫነችው።

የበድሉ ድምፅ፣ የመሰንበቻ ጉንፋን ያለበት ጎርናና ድምፅ፣ በሁለቱ ጆሮ ውስጥ በአንድነት ተነሣ። «ሽመክት፣ እንደምን አደርክ። መቼም አትከፍተውም፤ እኔ ለራሴ ነው የማወራው። ትናንት አንድ ደንበኛዬ “ሽመክት እኮ በድሉ ጥሎኝ ሸሸ ይላል” አለኝ። እኔ ሸሸሁ? ሻንጣዬን መኪና ላይ የጫነው ማን ነው? “ልጆች አሉህ፤ ሂድ፣ ጥፋ ከፊቴ” ያለኝስ ማን ነው? አንተ አይደለህም?»

«ውሸታም!» አቶ ሽመክት ከድንጋዩ ላይ ተነሡ። «ሻንጣውን የጫንኩት ማንሣት አቅቶት ነው!»

ይህንንም እያሉ መሄድ ጀመሩ። ገመዱ ተወጠረ። በዚህ ጊዜ ግን የተጎተተችው ፀደንያ ነበረች።

«ይቀጥል ወይስ ላጥፋው?» አለች እየሮጠች።

«አጥፊው! ...ቆይ፣ ቀጥሎ ምን አለ?»

ቀጥሎ በድሉ የሆቴሉን ስም ያስጠራው የእሳቸው ሽሮ እንደ ነበረ፣ ሽመክት ጨው መመጠን እንኳ እንደማያውቁ አስታወሱ። አቶ ሽመክት ለዚህ ሲመልሱ የመጀመሪያውን ቋጥኝ ዞሩ። ከዚያ በኋላ በተላከው መልእክት በድሉ ድምፃቸውን አለዘቡ። «ስኳር ይዞሃል አሉኝ። አዘንኩ፤ ግን አልገረመኝም። አንተ ከወንበርህ እስከ ካሸሩ ድረስ እንጂ እግርህን የት ታነሣለህ? ስንፍናህን አውቀዋለሁ። እጸልይልሃለሁ።»

«አትጸልይልኝ!» ሲሉ ጮኹ አቶ ሽመክት ወደ ሰማይ። «ሰነፍ? እኔን ነው ሰነፍ?»

በአራት እግራቸው ድንጋዩን እየቧጠጡ ወጡ። ፀደንያ ከኋላ ተከተለች። ዕውቀት አመጣች፤ ተቀመጡ። ጥበብ አመጣች፤ ሻይ አዘዙ። ቃለ እግዚአብሔር አመጣች፤ ቆሙ። ይህን ሁሉ በጎ ነገር እምቢ ያለ እግር ለቂም ሲሆን እንዲህ ይፈጥናል? እሷ ሰዎች በፍቅር እንዲነሡ እንጂ በንዴት እንዲነሡ አትፈልግም ነበር። ነገር ግን የአባቷን ሸሚዝ ጀርባ አየች፤ ላቡ እስከ ወገባቸው ወርዷል። ቀጣዩን መልእክት ከፈተችው።

ከዳገቱ አጋማሽ ላይ አቶ ሽመክት በድንገት ዞሩ። «መልሱን አሁኑኑ ነው የምሰጠው። የት ጋ ነው የሚጫኑት?»

«እዚህ ኔትዎርክ የለም።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

ፀደንያ ቀና አለች። የቢሮ ባልደረቦቿ ተራራውን የወጡ ዕለት ፎቶግራፍ የላኩላት ከጫፉ ላይ ሆነው ነበር። «ላይ» አለች፤ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን ማዞር አስፈለጋት። «ጫፉ ላይ ነው ያለው።»

 ጫፉ ላይ ሲደርሱ አቶ ሽመክት ስልኩን እንደ ማይክራፎን አፋቸው ላይ ደቅነው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ተናገሩ።

«በድሉ! ስማ... ሻንጣህን ጭኛለሁ። እሺ። ሂድም ብያለሁ፤ አልክድም። ግን አንተ... አንተ እኮ ቤቴ መጥተህ ብላ ስትባል፣ ሆድህ እየጮኸ ሦስቴ “በቃኝ” የምትል ሰው ነህ! ለአንድ ጉርሻ ሦስቴ የምታስለምን ሰው፣ ሂድ ስትባል በአንዱ ትነሣለህ? ሂድ ያልኩህ እምቢ እንድትለኝ ነው! አንዴ እንኳ “አልሄድም” ብትል ምን ነበረበት? እኔ ራሴ ነበርኩ አውሮፕላኑ ውስጥ የምወረውርህ!... ሽሮህ ደግሞ ጨው ይበዛዋል።»

ላኩት።  ለፀደንያ ይህን ሁሉ ጊዜ አባቷ የሚያዝኑት በመተዋቸው ይመስላት ነበር፤ ለካ ያዘኑት አንዴ እንኳ እምቢ ሳይባሉ በመተዋቸው ነው።

አቶ ሽመክት ስልኩን አውርደው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ነጭ ዐባይ ደሴቶቹን እያቀፈ ከሥራቸው ይፈሳል፤ በሰሜን በኩል የጁባ ቆርቆሮዎች ያብረቀርቃሉ።

«እዚህ ማን አመጣኝ?» አሉ።

ስልኩ ጮኸ። በድሉ መልሰዋል፤ መልእክቱም ረዥም ነበር። አቶ ሽመክት እጃቸውን ሲሰዱ ግን ፀደንያ ቀደመቻቸው። በፈተና ላይ ወደ ጎረቤቷ ወረቀት አንድ ጊዜ እንኳ ገልመጥ ብላ የማታውቀው ልጅ፣ መልእክቱን ወደ ራሷ ስልክ አሻገረችና ከአባቷ ስልክ ላይ አጠፋችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቅዳሜ ይሰሙታል። ግርጌው ላይ እከፍትልዎታለሁ።»

«የራሴ ስልክ እኮ ነው!»

«የራስዎ ስኳርም ነው።»

«እስከ ቅዳሜ ቢሞትስ?»

«አቶ በድሉ አይሞቱም፤ ገና ብዙ የሚሉት አላቸው።»

«አንቺ ጨካኝ! ይህንን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ?»

ሳምንቱ ለፀደንያ ረዘመባት። አባቷ ቁርስ ላይ «ተቆጥቷል ወይ?» ይላሉ፤ እራት ላይ «ስለ ሽሮው አንሥቷል?» ይላሉ፤ እሷም «ቅዳሜ» ትላለች። ደውለው እንዳይጠይቁ ኩራታቸው አልፈቀደም፤ እንዲሁ እንዳይቀመጡ ልባቸው እምቢ አለ፤ ስለዚህ ግቢውን ሲዞሩት ዋሉ። በየማለዳው ከአልጋ ሥር ተፈልጎ ይወጣ የነበረው የእግር ጉዞ ጫማቸው ዐርብ ጠዋት ተጠርጎ፣ ማሰሪያው ተላልቶ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ተገኘ።

«ነገ በጊዜ እንውጣ፤ ፀሐይ ሳትበረታ» አሉ አቶ ሽመክት። አንድ ነገር እንደ ረሳ ሰውም መለስ ብለው፣ «ደግሞ ነገ ማዳመጫውን ሁለቱንም እኔ ነኝ የማደርገው።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን አገባሽ? የሁለት ሰው ነገር ነው።»

 ፀደንያ ከነገ ጀምሮ ዳገቱን የምትወጣው የአባቷን ጩኸት ብቻ፣ የጠቡን ግማሽ ብቻ እየሰማች መሆኑ ገባት። የቀላ ጆሮዋን አሸት አሸት አደረገችና «እሺ፣ አባባ» አለች።