ሮዛምንድ በግራ ጎኗ

ሮዛምንድ አሸዋ ላይ የወጣችው በሰላምታ ምክንያት ነው። ሌላ አገር መርከብ አሸዋ ላይ የሚወጣው በጭጋግ፣ በማዕበል ወይም በስካር ነው። እኛ ካሪያኩ ደሴት ግን መርከብ የክርስትና እናት አላት። እናቲቱ ቀን ቆርጣ፣ ስም አውጥታ፣ ውሃ ረጭታ ባሕር ታስገባታለች። ልጅቷም ዕድሜ ልኳን በእናቷ ደጅ ስታልፍ ወደ ዳር ጠጋ ብላ ባንዲራዋን ዝቅ ታደርጋለች። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

የሮዛምንድ ካፒቴን ክሌመንት ይህን ነውር ሠርቶ አያውቅም። ያን ማክሰኞ ደግሞ የክርስትና እናቷ የታንቲ አዴሊን ሰማንያ አራተኛ ልደት ስለነበረ ከወትሮው አብልጦ ተጠጋ። ባለፈው የዝናብ ወራት አሸዋው ቦታ መቀየሩን ረስቶታል። ታንቲ በረንዳቸው ላይ ሆነው ነጭ መሐረብ ሲያውለበልቡ፣ ባለ ሁለት ምሰሶዋ ትልቅ መርከብ ሸራዋን እንደነፋች እፊታቸው መጥታ አሸዋው ላይ ቀጥ አለች።

«እሰይ! ዛሬስ ቤቴ ድረስ መጣችልኝ!» አሉ።

«መምጣቱንስ መጥታለች ታንቲ፣» አልኳቸው ከአጥሩ ሥር ሆኜ፣ «መሄዱን እንጃ እንጂ።»

እኔ ኦስበርት ነኝ፣ የመርከብ አናጢ። ሮዛምንድን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከታንቲ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ርቄ በእጄ ሠርቻታለሁ። ከዚህ እስከ ትሪኒዳድ እኔን የሚያህል አናጢ የለም ስል ጉራ ነው፤ ጉራ ቢሆንም እውነት ነው። ክሌመንት ደግሞ የእኅቴ ባል ነው። ስንሰዳደብ ነው ያረጀነው።

ሬዲዮው ዓርብ ጠዋት ትልቅ ሞገድ ይደርሳል አለ። ከግሬናዳ ጎታች ጀልባ ቢጠራ የሚመጣው እሑድ ነው። ቀጥ ብላ የቆመች የእንጨት መርከብ ያን ሞገድ አሸዋ ላይ ከተቀበለችው፣ እሑድ የሚጎተተው ማገዶ ነው።

«ምን ይሻላል ኦስበርት?» አለኝ ክሌመንት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እናስተኛታለን። አንተ አፍህን ዝጋና ምግብ አስበስል።»

የእኛ ባሕር ሞላ ጎደለ ቢባል አንድ ክንድ አይሞላም። ውሃው ከፍ እስኪልለት የሚጠብቅ ሰው እዚያው ይሸብታል። ስለዚህ አዲስ መርከብ ባሕር የምናስገባው በጎኗ አስተኝተን፣ መንደሩ በሙሉ ገመድ ይዞ ነው። የቆመች መርከብ ጥልቅ ውሃ ትፈልጋለች፤ የተኛች ግን በግማሹ ትንሳፈፋለች። ሮዛምንድ ተኝታ ገብታለች፣ ተኝታ ትመለሳለች። ይህን አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም።

ረቡዕ መንደሩ ተሰለፈ። የጫነችው ሽንኩርት ከነጆንያው ወጥቶ የታንቲ በረንዳ ላይ ተከመረ። ለሚዛን ሆዷ ውስጥ የተቀመጠው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወረደ። ሁለት ትልልቅ መልሕቆች በጀልባ ወስደን ጥልቁ ውስጥ ጣልን። አንዱ ገመድ ከምሰሶዋ አናት፣ ሌላው ከኋላዋ ተነሥቶ፣ መልሕቁ ላይ በታሰረው ካሩኮላ ዞሮ ወደ ዳር ይመለሳል። ሰው ወደ መሬት ሲጎትት መርከቧ ወደ ባሕር ትሄዳለች። ክሌመንት ሁለት ፍየል አሳረደ፤ የበቆሎ ገንፎውም በትልልቅ የብረት ድስት ተጣደ። እኛ ዘንድ ገመድ የጎተተ ሰው ክፍያ አይቀበልም፣ ሳይበላ ግን አይሄድም።

ሥራው ሁሉ ቀና። እኔም ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርኩ መጮኼን ወድጄው ነበር። ዓይኔ ግን ከግራ ጎኗ አልነቀል አለኝ።

ሮዛምንድ የቆመችው ግራ ጎኗን ለባሕር ሰጥታ ነው። የምትተኛው በግራዋ ነው ማለት ነው። ግራዋ ላይ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀው ሳንቃ አለ። ባሕር ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት የመጨረሻው ሳንቃ ተሰነጠቀብኝ። ታንቲ ቀን ቆርጠዋል፣ እንግዳው ከየደሴቱ መጥቷል፣ ሌላ ደህና እንጨት በእጄ የለም። የበሰበሰ አንጓ ያለበትን ሳንቃ አነሣሁ። አንጓውን ጎርጉሬ አውጥቼ ቀዳዳውን በእንጨት ውታፍና በሬንጅ ደፈንኩት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባሁት። ቆማ ስትሄድ ይችላል። ክብደቷን ሁሉ ከጣለችበት ግን ይፈርጣል፣ ሮዛምንድም እዚያው ውሃ ሞልታ ትቀራለች። ብናገር ደግሞ የኦስበርት ስም አለቀለት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሁሉም ገመዱን ያዘ።

«ክሌመንት፣» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «በቀኟ ብናስተኛትስ? ወደ መሬት።»

«ወደ መሬት? ከዚያስ? የታንቲ ጓሮ ልንተክላት ነው?»

የሰሙት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ልጄ ጄኔቪቭ በርሜል ላይ ወጥታ ዘፈኑን አወጣች።

«ሮዛምንድ ሆይ፣ ባሕሩ ጠራሽ!»

«ጎትት!» አለ ሁለት መቶ ሰው።

«ሮዛምንድ ሆይ፣ አልጋሽ ተነጠፈ!»

«ጎትት!»

ምሰሶዎቿ ማዘንበል ጀመሩ። እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ግራ ጎኗን አያለሁ። አረንጓዴው ቀለሟ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ወረደ። ያኔ ሰማሁት፤ እንጨት ሊሰበር ሲል የሚያሰማውን ቀጭን ጭርጭርታ። ሌላ ሰው አልሰማውም።

«ቁሙ! ገመዱን ያዙ፣ አትጎትቱ!»

ዘፈኑ ተቋረጠ። ክሌመንት ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ውሃው ውስጥ ገባ።

«ምን ሆንክ?»

«በዚህ ሳንቃ ላይ አትተኛም። መጥፎ ነው። ስሠራትም መጥፎ ነበር። አውቄ ነው ያስገባሁት።» ጮኼ ነው የተናገርኩት። በሹክሹክታ ብጀምረው እንደማልጨርሰው አውቀዋለሁ።

ክሌመንት አፍጥጦ አየኝ።

«በግራ በኩል?»

«በግራ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት!» ብሎ ባሕሩን በጥፊ መታው። «ሃያ ሁለት ዓመት ያን ውሃ በየት እንደሚገባ ስፈልግ! ሁለት ጊዜ ወለሏን ነቅያለሁ! ሦስት ጊዜ ጠርቼ አሳይቼሃለሁ! ምን አልከኝ? ንገራቸው እስቲ፣ ምን አልከኝ?»

«መርከብም ያልባታል አልኩህ።»

ገመድ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ጄኔቪቭ ብቻ አልሳቀችም። ሰባ ዓመት ስኖር እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ታንቲ አዴሊን ከዘራቸውን ተመርኩዘው ውሃው አፋፍ ድረስ መጥተው ነበር።

«ዝም በሉ!» አሉ፤ ዝም ተባለ። «አንተ ኦስበርት፣ ቀኑን የቆረጥኩት እኔ። ለምን አልነገርከኝም? አንድ ሳምንት ብጠብቅ እሞት ነበር?»

«ፈርቼዎት ነው ታንቲ።»

«እሱስ ያኔ አስፈራ ነበር።» በአገጫቸው ወደ መርከቧ አመለከቱ። «በል አሁን ወሬውን ተውና እጅህን ሳንቃው ላይ አድርግ። የት እንደሆነ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

እጄን አደረግሁ። ከታች አምስተኛው ሳንቃ፣ ከኋላው ምሰሶ ሁለት ክንድ ወደ ፊት። ውታፉን ከቀለሙ ሥር በጣቴ አገኘሁት። ዓይኔን ጨፍኜም አላጣውም።

«ሽንኩርቱን አራግፉ!» አለ ክሌመንት። «ጆንያውን አሸዋ ሙሉልኝ!»

የሸራ ቁራጭ ሬንጅ ነክረን ሳንቃው ላይ ቸነከርን። ከእጄ ወዲህና ወዲያ የአሸዋውን ጆንያ ደርድረን ከጎኗ ጋር በገመድ ጠፍረን አሰርነው። ስትተኛ ክብደቷ ጆንያው ላይ ያርፋል፣ ስትሄድም አብሯት ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሰዎቹ ገመዱን እየተቀያየሩ ያዙ እንጂ ወደ ድስቱ የሄደ አልነበረም።

«ጄኔቪቭ፣ ድምፅሽ የት ገባ?» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ተመልሶልኝ ነበር።

ዘፈኑ ተነሣ። ሮዛምንድ አዘነበለች፣ አዘነበለች፣ ከዚያ ደክሟት እንደዋለች ሴት ጆንያው ላይ ጋደም አለች። ጆሮዬን ጎኗ ላይ ለጠፍኩ። ጭርጭርታ የለም። ሰው ሁሉ ወደ ኋላዋ ገመድ ዞረ። በመጀመሪያው ጉተታ ምንም የለም፣ በሁለተኛው ምንም፣ በሦስተኛው አንድ ክንድ ሄደች። ከዚያ አሥር ክንድ። ከዚያ ገመዱ ድንገት ላላና ጎታቾቹ በሙሉ በቂጣቸው አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ሮዛምንድ በራሷ መሄድ ጀምራ ነበር። የምሰሶዋን ገመድ ስናላላው ቀና ብላ ቆመች። ታንቲ መሐረባቸውን እያውለበለቡ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

መርከብ ባሕር ስትገባ መጀመሪያ ላይዋ የሚወጣው አናጢዋ ነው፤ ልማዳችን ነው። እኔ ግን ገመድ ከሚጠቀልሉት መካከል ገብቼ አጎነበስኩ፣ ማንም እንዳያየኝ።

«ኦስበርት!» ክሌመንት ጀልባው ላይ ቆሟል። «ምን ትጠብቃለህ? ደብዳቤ ልጻፍልህ?»

እየቀዘፈ ወሰደኝ፣ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ሞገዱ ሳይደርስ ከደሴቲቱ ማዶ ወዳለው ወደብ ሊወስዳት መርከበኞቹ ሸራ እየሰቀሉ ነበር። ክሌመንት የፓምፑን እጀታ አሳየኝ። ያዝኩና ውሃውን ማውጣት ጀመርኩ። እሱ እፊቴ ተቀምጦ የፍየል አጥንት ይግጣል።

«እህስ፣» አለኝ ሁሉም እየሰማ፣ «አልቧታል?»

«አላላባትም፣» አልኩት። «ውሃ ታስገባለች። በግራ፣ ከታች አምስተኛው ሳንቃ። የሠራኋት እኔ ነኝ። ሰኞ እቀይረዋለሁ።»

ክሌመንት አጥንቱን ባሕር ውስጥ ወረወረና ሌላኛውን እጀታ ያዘ።