ሞተሩ ሳይጠፋ የተጠየቀችው ልጅ

ሐጂ መሐመድዘይን ለመኪናቸው ያላቸውን ፍቅር አዳማ ያለው የሰፈራቸው ሰው ሁሉ ያውቃል። ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ በነበረበት ዘመን የገዟት ነጭ ኮሮላ ናት። ልጆቻቸው "አሁንስ ትሸጥና ሌላ እንግዛልዎት" ባሏቸው ቁጥር "ምን በደለችኝ?" ብለው ወሬውን ይቀይራሉ። ስለዚህ የወንድማቸው ልጅ ሙስዓብ፣ ባቱ የምትኖር ሱሃይላ የምትባል ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ላኩልኝ ሲል፣ ሐጂ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ብቻ ሳይሆኑ ሾፌርም ሆኑ።

አብረዋቸው የሚሄዱት ሁለት ናቸው። አንዱ አጥር የሚጋሯቸው አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሬዲዮና ሲጋራ የሚያዝናኗቸው፣ ሙስዓብን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቁ። ሌላው ኦቦ ፈዬራ ናቸው። የልጅቱ ቤተሰብ የአርሲ ሰዎች ስለሆኑ ኦሮምኛው ላይ ንግግር የሚያሳምር ሰው አስፈለገ፤ በዚህ ደግሞ ኦቦ ፈዬራን የሚስተካከል በዕድሩ ውስጥ የለም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ተነሡ። ቀጠሯቸው ከቀትር ሶላት በኋላ ነበር። በሞጆ ታጥፈው ቆቃ ሲደርሱ መንገዱ ላይ አቧራ አየሩን ሸፍኖት ስለነበር ሐጂ መብራት አበሩ። ዓለም ጤናን አልፈው መቂ ሳይደርሱ፣ አስፋልቱ ዳር ያለች ትንሽ መስጊድ አጠገብ ቆሙና ሐጂ ሊሰግዱ ገቡ። ኦቦ ፈዬራ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወረዱ። አቶ ወልደአማኑኤል ግን ሬዲዮው ላይ የእግር ኳስ ክርክር ይዟቸው ስለነበር መኪናው ውስጥ ቀሩ። ሙቀቱ ሲበረታባቸው ቁልፏን አዙረው ማራገቢያውንም ከፈቱት። መብራቱ ከቆቃ ጀምሮ እንደበራ መሆኑን ማንም አላስተዋለም።

ሐጂ ተመልሰው ቁልፉን ሲያዞሩ መኪናዋ "ትክ" ብላ ዝም አለች። ደግመው አዞሩ። "ትክ።" ሬዲዮውም በክርክሩ መሀል ተዘጋ።

"ወልዴ፣ ምን ነካክተህ ነው?" አሉ ሐጂ።

"እኔ? ሬዲዮ ብቻ ነው የሰማሁት።"

"ከፊት ያለው መብራትስ?"

አቶ ወልደአማኑኤል ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ሐጂ ግን ብዙም አልደነገጡም። "ገፍተን እናስነሣታለን። ስንቴ አድርጌዋለሁ" ብለው መሪውን ያዙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሱፋቸውን እንደለበሱ ከኋላ ሆነው ገፉ። መንገዱ ትንሽ ዳገት አለው፤ መኪናዋም ግማሽ ጎኗ አስፋልቱ ላይ ነበር። ጥቂት እንደሄደች አንድ ኢሱዙ ክላክሱን እያንባረቀ በአጠገባቸው አለፈ። የነፋሱ ግፊት የአቶ ወልደአማኑኤልን ባርኔጣ ቦይ ውስጥ ጣለው። ኦቦ ፈዬራ እጃቸውን ከመኪናዋ ላይ አንሥተው "ሐጂ፣ እኔ ለሠርግ ነው የመጣሁት፤ ለቀብር አይደለም" አሉ።

በዚህ ጊዜ ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ ያለባት ሰማያዊ መኪና አልፋቸው ሄደችና፣ ራቅ ብላ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥታ ቆመች። ከውስጧ ሻርፕ ያደረገች፣ በአርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ወረደች። ዋፊቃ ትባላለች። አዳማ ውስጥ መኪና መንዳት ታስተምራለች፤ በዚያ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየች ከማስተማሪያው ግቢ ውጭም ማስተማር አይለቃትም።

"አባቶቼ፣ በቅድሚያ ከመንገዱ ውጡልኝ" አለች፤ ከሰላምታ በፊት። "መኪና ይተካል።"

ሐጂ ባትሪው እንደሞተ ሊነግሯት ጀመሩ። እሷ ግን በዚያ አልተጠመደችም። ኦቦ ፈዬራን መንገዱን እንዲጠብቁ አቆመቻቸው። መኪና ከሁለቱም ወገን በሌለበት ሰዓት ኮሮላዋን ቀስ አድርገው ወደ ኋላ አንሸራትተው መስጊዱ ደጃፍ ካለው ሜዳ ላይ አስገቧት። ሐጂ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ማርሹን አወጡ። ዋፊቃ ከመኪናዋ ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂውን አውጥታ ወደ ኋላ ርቃ ሄዳ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አቆመችው። ከዚያ የራሷን መኪና አምጥታ፣ ኮሮላዋን ሳትነካ፣ ባትሪ ከባትሪ የሚያያይዘው ገመዷ እስኪደርስ ብቻ አስጠግታ ሞተሯን አጠፋች።

አቶ ወልደአማኑኤል ጥፋቱ ከብዷቸው ሲጋራ አውጥተው ክብሪት ሊጭሩ ሲሉ አየቻቸው።

"ጋሼ፣ እዚህ አይሆንም። ባትሪ እሳት የሚይዝ ጋዝ ያወጣል። ካማረዎት እዚያ ግራሩ ሥር።"

"ተዪው፤ አላማረኝም" ብለው ሲጋራውን ኪሳቸው ከተቱ።

ሐጂ ኮፈኑን ከፈቱ። ዋፊቃ ጎንበስ ብላ ባትሪውን ዙሪያውን አየችው። "ቢሰነጠቅ ወይም ቢያብጥ ኖሮ አንነካውም ነበር፤ መካኒክ ነበር የምንጠራው። ይኼ አርጅቷል እንጂ ደኅና ነው" አለች። ከዚያ ገመዶቹን ለሐጂ ሰጠቻቸው።

"እኔ ነኝ የምሠራው?" አሉ ሐጂ።

"እኔ ሠርቼልዎት ብሄድ ነገ ሌላ ቦታ ሲቆሙ ምን ይውጥዎታል? በመጀመሪያ ግን ቀለበትዎን ያውልቁ። ብረት ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ከነካ ጣትዎን ይጠብሰዋል።"

ሐጂ የብር ቀለበታቸውን በግድ ከጣታቸው አውጥተው ለኦቦ ፈዬራ አስያዙ። ዋፊቃ እየነገረቻቸው የቀዩን ገመድ አንድ ጫፍ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከእሷ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ አቆነጠጡ። የጥቁሩን አንድ ጫፍ በእሷ ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አደረጉ። የቀረውን ጫፍ ወደ ራሳቸው ባትሪ ሲወስዱት ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

"እዚያ አይደለም። ሞተሩ ላይ ቀለም ያልነካው ብረት ይፈልጉ፤ ከባትሪው ራቅ ያለ።"

"ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ላይ ነው ያደረግሁት።"

"ዕድሜዎን ሙሉ አላህ ጠብቆዎታል። የመጨረሻው ሲነካ ብልጭ ይላል። ብልጭታው ጋዙ ካለበት ይራቅ ነው የምልዎት።"

ሐጂ ትንሽ አሰቡና ሞተሩ ላይ አንድ ወፍራም ብሎን አገኙ። ገመዱ ሲነካው እውነትም ብልጭ አለ። ሐጂ ባትሪውንና ብሎኑን ተራ በተራ አዩ።

ዋፊቃ የእሷን መኪና አስነሣችና "አሁን ትንሽ ትጠጣ" አለች። አራቱም ከመንገዱ ርቀው ቆሙ። ሰዓቷን አየችና ፈገግ አለች።

"እኔም ዛሬ እፈለጋለሁ። ባቱ ወንድሜ ቤት ነው የምሄደው። የወንድሜን ልጅ ሊጠይቁ ከአዳማ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ተብሏል። ወንድሜ ደግሞ የሚመልስላቸውን ከአሁኑ ጨርሶ ተቀምጧል። ምን ሊላቸው እንዳሰበ ብነግራችሁ..."

አቶ ወልደአማኑኤል ጆሯቸውን አስጠጉ። ኦቦ ፈዬራ ሰማዩን ያዩ ጀመር። ሐጂ ግን እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ እዚያ ላይ አቁሚልኝ። ሽማግሌዎቹ እኛ ነን። የቤታችሁን ምክር በባትሪ ሰበብ ልንሰማው አይገባም።"

ዋፊቃ ሦስቱን አየቻቸው። የተተኮሰውን ሱፍ፣ በአቧራ የነጣውን ጫማ፣ ቦይ ውስጥ የወደቀውን ባርኔጣ። ከዚያ አፏን በሻርፗ ይዛ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሽማግሌዎቹም ቀስ በቀስ ተከተሏት።

"ትንሽ ቆይተህ ብታቆማትስ ምን ነበረበት?" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል በሹክሹክታ። ሐጂ እንዳልሰሙ ሆኑ።

ኮሮላዋ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣች። ሐጂ ገመዶቹን መጨረሻ ካሰሩት ጀምረው ወደ ኋላ እየሄዱ ፈቱ፤ ይህንን እንኳ ሳትነግራቸው ነው ያወቁት። ዋፊቃ አንጸባራቂዋን እያጠፈች "ሞተሩ አሁን ቢጠፋ በዚህ ባትሪ ዳግም መነሣቱን እንጃ። ባቱ አዲስ እስክትገዙ ሞተሩን እንዳታጠፉ። ያለ ሰውም ትታችሁት እንዳትወርዱ" አለች። "እኔ ከኋላ እከተላችኋለሁ። ከተማ ስንገባ እለያችኋለሁ፤ አብረን ከደረስን ወንድሜ ሌላ ነገር ይመስለዋል።"

ባቱ ሲደርሱ ቀጠሮው አልፏል። ባትሪ ቤት እንግባ ቢሉ ይበልጥ ሊዘገዩ ነው። የልጅቱ አባት በር ላይ ሲቆሙ ሦስቱ ተያዩ።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እኔ እጠብቃታለሁ" አሉ አቶ ወልደአማኑኤልና ከመሪው ኋላ ተቀመጡ።

የልጅቱ አባት አቶ አብዱልሃኪም ከሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ኦቦ ፈዬራ በኦሮምኛ የቤቱን፣ የከብቱንና የአዝመራውን ደኅንነት አሳምረው ጠየቁ። አቶ አብዱልሃኪምም አሳምረው መለሱ። ዓይናቸው ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ ነበር።

"ሦስተኛው ሰው ለምን አይገቡም?"

"መኪና እየጠበቁ ነው" አሉ ሐጂ።

"ሞተሩስ ለምን አይጠፋም? መልሴን ሳትሰሙ ልትሄዱ ነው?"

ሐጂ ስለ ባትሪው ሊያስረዱ ጀመሩ፤ ነገሩ ግን ሲነገር የተፈጠረ ምክንያት መሰለ። አቶ አብዱልሃኪም ቅንድባቸውን እንዳነሡ ቀሩ። በዚያው ቅጽበት አቶ ወልደአማኑኤል ሱፋቸውን እያራገፉ በሩን አንኳኩተው ገቡ።

"መኪናዋስ?" አሉ ሐጂ ደንግጠው።

"ሰው አግኝቼላታለሁ።"

አቶ አብዱልሃኪም ተነሥተው በመስኮቱ አዩ። የሽማግሌዎቹ መኪና ውስጥ፣ መሪውን ይዛ የተቀመጠችው የገዛ እኅታቸው ናት። መስኮቱን ከፈቱት።

"ዋፊቃ፣ አንቺ የየትኛው ወገን ነሽ?"

"የመኪናዋ ወገን ነኝ" አለች ዋፊቃ ከተቀመጠችበት። "መንገድ ላይ ቆመው ያስነሣሁላቸው እኔ ነኝ። ማንነታቸውን ሳላውቅ አንተ ያሰብከውን ሁሉ ልዘረግፍላቸው ነበር። ሐጂ ናቸው 'ሽማግሌዎቹ እኛ ነን፤ አትንገሪን' ብለው ያቆሙኝ።"

አቶ አብዱልሃኪም መስኮቱን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ። 

"ያሰብኩት፣" አሉ፣ "ሦስቴ ላመላልሳችሁ ነበር። የማላውቀው ሰው ቤት ልጄን እንዴት እሰጣለሁ ብዬ። አሁን እንኳ ጥቂት አወቅኋችሁ።" ወደ ጓዳው ዞረው "ሱሃይላ፣ ነይ እስቲ፤ የሆድሽን ራስሽ ንገሪያቸው" አሉ።

ሱሃይላ ወጣች። በአበባ እርሻ ውስጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኮሌጅ ትማራለች። ለሽማግሌዎቹ ዝቅ ብላ ሰላምታ ሰጠች።

"ትምህርቴን ሳልጨርስ ሠርግ እንዲሆን አልፈልግም። ሌላ የምለው የለኝም" አለች።

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። "በሰው ስም ቃል አልሰጥም። ልጁ ራሱ ይመልስ" አሉና ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ሙስዓብ ስልኩን በእጁ ይዞ ነበር መሰለኝ፣ ገና ሳይጠራ አነሣው።

"አባባ፣ እንቢ አሉ?"

"ቀስ በል፤ ሁሉም ይሰማሃል። ልጅቱ ትምህርቴን ልጨርስ ትላለች።"

"ትጨርስ እንጂ። እኔም እስከዚያ ቤቱን ቀለም አስቀባለሁ።"

ሱሃይላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ አብዱልሃኪም ሳቃቸውን ለመዋጥ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ኦቦ ፈዬራ ምርቃቱን በኦሮምኛ ጀመሩት፤ ሐጂ በዱዓ ዘጉት፤ አቶ ወልደአማኑኤል ከሁሉም አብልጠው ጮክ ብለው አሜን አሉ።

ከዚያ አቶ አብዱልሃኪም "ባትሪ ቤቱን እኔ አሳያችኋለሁ፤ ብቻችሁን ብትሄዱ አሮጌ ይሸጡላችኋል" ብለው አብረው ተሳፈሩ። ባትሪ ቤቱ አዲሱን ሲያስር ሐጂና አቶ አብዱልሃኪም ጎን ለጎን ኮፈኑ ላይ ተደፍተው፣ ጥቁሩ ገመድ ለምን ብረት ላይ እንደሚታሰር ሐጂ ያስረዱ ነበር። ተመልሰው የሐይቅ ዓሣ ሳይበሉ አልተለቀቁም።

አመሻሹ ላይ አዳማ ሲገቡ ሙስዓብ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። መልሱን በስልክ ሰምቷል፤ ግን "ከመጀመሪያው ንገሩኝ" አላቸው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ጀመሩ።