የለተሥላሴ ወናፍ

ያ ሎሪ ሲተነፍስ የመፋዛ መንደር ዶሮዎች ወደ ኋላ ይበሩ ነበር። እስማኤል መሪውን ይዞ፣ እኔ ረዳቱ ጋረደው ከጆንያው አናት ተቀምጬ በረሃድ ወንዝ ዳር ስናልፍ፣ ወንዙ ራሱ አንድ ቀን ሦስት ክንድ ያህል ተከትሎናል። ይህን የሚያምነኝ የለም፤ አልፈርድበትም። ሞተሩን የሠራችው ለተሥላሴ ግን እውነት ናት። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ፣ ከትልቁ የእህል ጎተራ አጠገብ፣ ጋራዧ አሁንም ክፍት ነው።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 1997 ነው። ሎሪው የማሽላ ነጋዴው የሐጂ ሙዘይን ሲሆን የእንግሊዝ ስሪት ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ሞተሩ እንደ ሌላው ሞተር በራሱ አየር አይስብም። አየር የሚገፋለት፣ ሱፐርቻርጀር የሚሉት ሳጥን አለው። እኛ ወናፍ እንለዋለን፤ አንጥረኛ እሳቱን እንደሚነፋ ሞተሩን ይነፋዋልና። ውስጡ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ጎን ለጎን ይሽከረከራሉ። ቱርቦን የሚያዞረው ጭስ ነው፤ እነዚህን ግን ራሱ ሞተሩ ነው በጥርስ የሚያዞራቸው። ይተላለፋሉ እንጂ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ወረቀት ቢያልፍ ነው። አንድ እፍኝ አሸዋ ከገባ ግን አለቀ።

አሸዋውን ያስገባው ሾፌሩ እስማኤል ነው። የአየር ማጣሪያው በማሽላ ገለባ ቢደፈንበት «ትንሽ ይተንፍስ» ብሎ አውልቆት ነዳ። ብረቶቹ ተፋጩ።

ለተሥላሴ ሃያ ቀን ፈጅታ አዳነችው። እሷ ሙያውን የተማረችው ትግል ሜዳ፣ ከግራር ሥር ሞተር ስታወርድና ስትሰቅል ነው። ገዳሪፍ ላይ መካኒክ ሁሉ «ኡስታ» ይባላል፤ ባለሙያ ማለት ነው፤ ቡሎን በመዶሻ የሚፈታው እንኳ አይቀርም። እሷን ግን «ሴትዮዋ» ነበር የሚሏት።

ሙዘይን ሎሪውን ሊረከብ መጥቶ ሞተሩን አዳመጠና «ያ ቢት» አላት፤ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው፤ «አዝመራው ሳያልቅ ዳግም ከቆመ ለቁርጥራጭ ብረት እሸጠዋለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ የሴት ሥራ ነበር እላለሁ።»

«ካልቆመስ?»

«ካልቆመማ እናያለን።»

እስማኤልን ጠርታ ማጣሪያውንና ከሥሩ አቧራውን የሚይዘውን የዘይት ገንዳ አሳየችው። «በየማታው ይህን ገንዳ አውርድ። የቆሸሸውን ዘይት ድፋ፣ በናፍታ እጠበው፣ አዲስ ዘይት እስከዚህ መስመር ሙላ። መስመሩን አትለፍ። የወናፉን የጥርስ ዘይት በየሳምንቱ እይ። ያለ ማጣሪያ ሞተር አታስነሳ።»

«ሃዲር» አለ እስማኤል፤ እሺ ማለቱ ነው። ዓይኑ ግን መንገድ ላይ ነበር።

ይህ ሰው ገንዳ እንደማያጥብ አወቅሁ። ማታውን ለብቻው ያዝሁት።

«ከዚያ ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ?»

«ብረት።»

«መንትያ እህትማማቾች ናቸው። እንዳይነካኩ ተማምለው ነው የሚጨፍሩት። የተጣሉ ዕለት ሞተሩ የገዛ ዘይቱን ጠጥቶ ይሰክራል። ኒው ሀልፋ ላይ አንዱ ሾፌር የማጥፊያውን ገመድ ቢስብ፣ ቢስብ፣ እምቢ ብሎ ቀይ ባሕር ድረስ ወሰደው። አሁን ዓሣ አጥማጅ ሁኗል።»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ውሸታም ነህ» አለኝ፤ ግን ሳጥኑን ሰረቅ አድርጎ አየው።

በቀይ ቀለም ክታብ ጻፍሁለት። እስማኤል ገዳሪፍ ያደገ ነው፤ አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አይለይም። በቆዳ ሰፍቼ ሰጠሁትና «ከማጣሪያው ላይ እሰረው» አልሁት። «ገንዳው በየማታው በናፍታ ታጥቦ አዲስ ዘይት ካላየ ይረክሳል።»

ለተሥላሴ ሰምታ ተቆጣች። «ሥራዬን በቅጥፈትህ አታርክስብኝ።»

«እትየ፣ ገንዳው ይታጠብ እንጂ ለምን ታጠበ ብሎ ማን ይጠይቃል?»

ፊቷን አዞረችብኝ።

እስማኤል ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንዳውን ከገዛ ሸሚዙ አብልጦ አጠበ። ሦስት ወር ሙሉ ከመፋዛ ማሽላ አጋዝን። አዳዲሶቹ ሎሪዎች በአቧራው እየታነቁ መንገድ ዳር ሲቆሙ የእኛ ሽማግሌ እያፏጨ አለፋቸው።

የመጨረሻው ጭነት ዕለት፣ ማታውን ደርሰን አድረን፣ ጠዋት ጎተራው በር ላይ ተሰልፈናል። ነጋዴው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል፤ ሙዘይንም አለ። ወረፋችን ደርሶ እስማኤል ሞተሩን ቢያስነሳ ሎሪው አጉረመረመ፣ ከዚያ ጮኸ፣ ከዚያም ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው የሞተሩ ዙር ብቻውን ሽቅብ ወጣ። ነጭ ጭስ ጎተራውን ሸፈነው። እስማኤል ማጥፊያውን ሳበ። ምንም የለ። ደግሞ ሳበ። ከዚያ ዘሎ ወረደና «ሰከረ፣ ጋረደው፣ ሰከረ!» እያለ ሮጠ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም የራሴ ውሸት አባረረኝ፤ ከፊቱ ነበርሁ።

ለተሥላሴ ድምፁን ሰምታ ከጋራዧ መጣች። አልሮጠችም። በመንገዷ አራት ሰዎች ከሚበሉበት ላይ የፉሉን ትሪ አነሳችና ሳህኖቹን መሬት ላይ ደረደረችላቸው። ኮፈኑን ከፈተች፣ ከማጣሪያው የሚመጣውን የጎማ ቱቦ በፒንሳ ፈትታ ነቀለች፣ ትሪውን በወናፉ አፍ ላይ ከደነች። ሞተሩ ትሪውን ጥርቅም አድርጎ ሳበው፣ ሁለቴ አቃሰተ፣ ሞተ።

«ቆመ» አለ ሙዘይን።

«አልቆመም። እኔ ነኝ ያቆምሁት።»

ገንዳውን አወረደች። ዘይቱ እስከ አፉ ጢም ብሏል፤ ወናፉ የሚስበው አየር ዘይቱን ይዞት ገብቷል፤ ሞተሩም ያንኑ እንደ ነዳጅ አንድዶታል። «ማን ነው መስመሩን ያለፈ?»

እስማኤል ከሩቅ ሆኖ «የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ለበረከት ጨመርሁበት» አለና ወደ እኔ አየ።

ለተሥላሴ ክታቡን በጥሳ ስፌቱን በቢላ ቀደደችው። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ጮክ ብላ አነበበች፤ «ገንዳውን በየማታው በናፍታ እጠብ። ዘይቱን እስከ መስመሩ ሙላ። መስመሩን አትለፍ። ይህ የኡስታ ለተሥላሴ ቃል ነው።»

መጨረሻው ላይ ድምጿ ዝቅ አለ። ወረቀቱን አጥፋ ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ሙዘይንን ጠርታ በወናፉ አፍ እንዲያይ አደረገችው። ሙዘይን ዘይቱን በጨርቅ ጠርጎ ጣቱን በብረቶቹ ላይ አሳለፈ። የሦስት ወር አቧራ አንዲት ጭረት አላበጀባቸውም። እሷም የገባውን ዘይት አድርቃ፣ ገንዳውን እስከ መስመሩ ሞልታ ቱቦውን መለሰች። «አስነሳው» አለችው እስማኤልን። በመጀመሪያው ተነሳ።

ሙዘይን ጥቂት አዳመጠና ወደ ነጋዴዎቹ ዞሮ «ኡስታዬ ናት» አለ። «ወላሂ፣ እንዳትወስዱብኝ።»

ትሪዋ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። መካከሏ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ወናፉ ሲስባት የቀረ ነው። ዶሮዎቹንና ወንዙን ውሸት በሉት። ትሪዋን ግን መጥታችሁ በእጃችሁ ዳብሷት።