ዘጠኙ ዜሮዎች

በወንዛችን ዳር ባለችው ጤና ኬላ በነርስነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እኛ ዘንድ ዜሮ ደስ የሚል ቁጥር ነበር። ለወባ የተሰጠ ደም በማይክሮስኮፕ ታይቶ ዜሮ ከተጻፈበት፣ ሰውየው መድኃኒት ሳይወስድ ወደ ጀልባው ይመለሳል። የአክታውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከኤስሜራልዳስ ከተማ የጡት ካንሰር ምርመራ ውጤት በፖስታ መምጣት ሲጀምር፣ ሐኪሙ የደረደረውን ረጅም ጽሑፍ ማን ያነበዋል? ከግርጌው ያለችውን ቁጥር እናያለን። አራት ወይም አምስት ከሆነ ሴትዮዋ ወደ ከተማ፣ ዜሮ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ሣጥን። ይህን ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አዲስ ለሚመጡት ነርሶችም አፌን ሞልቼ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጀልባው ከክትባቱ ጋር አንድ ጥቅል አመጣ። ቀጭን መጽሐፍና በፕላስቲክ የተለበጠ ባለቀለም ሰንጠረዥ ነው፤ እንደኛ ላሉ ሠራተኞች የጡት ምርመራ ውጤት እንዴት እንደሚነበብ የሚያስረዳ። ደግሞ ሌላ ወረቀት መጣብን እያልኩ አጉረመረምኩና ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ በምስማር መታሁት። የመጀመሪያውን መስመር ያነበብኩት ቀጥ ብሎ መሰቀሉን ሳይ ነው። «ዜሮ፦ ምርመራው አላለቀም። ሴትዮዋ ለተጨማሪ ምስል ሳትዘገይ ትጠራ።»

ሣጥኑን አውርጄ ፈተሽኩ፤ ዘጠኝ ዜሮ አገኘሁ። ሰባተኛዋ ዶሚቲላ ኪንዮኔስ ነበረች፤ አበልጄ፣ ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ። ውጤቷ ላይ ያለው ቀን ከአሥራ አራት ወር በፊት ነው። መጽሐፉ ዜሮ ከተባሉት አብዛኞቹ ኋላ ጤነኛ ሆነው እንደሚገኙ ይናገራል። በዚያች አረፍተ ነገር ተደግፌ ነው እስከ ቤቷ የሄድኩት።

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ዓሣ ትፍቃለች። ግራኝ አይደለችም።

«ምነው በጠዋቱ? አባረሩሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አበልጄ፣ ቀኝሽ ምን ሆነ?»

«ትከሻዬ ነዋ። እርጅና ነው፤ አንቺም ትደርሺበታለሽ፣ አትቸኩዪ።»

«እስቲ ግቢና ልይሽ።»

ልትስቅብኝ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ቢላዋውን አስቀመጠች። ውስጥ ገባን። ቀኝ ጡቷ ላይ በእጄ የነካሁት ነገር ጠንካራ ነው፤ ቆዳውን ወደ ውስጥ ስቦታል። ብብቷም ሥር ሁለት እባጮች አሉ። መጽሐፉን መግለጥ አላስፈለገኝም።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ባለፈው ዝናብ። ያኔ ባቄላ ቢያህል ነው።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

«ምን ልሁን ብዬ ልምጣ? ዜሮ አልሽኝ እኮ። እኅቴ ስትጨቀጭቀኝማ፣ አንቺ ከነርሷ ትበልጫለሽ ወይ ብዬ አፏን አስያዝኳት።»

በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። ያኔ የሰጠኋት የውጤቱ ቅጂ ከቅዱስ ማርቲን ሥዕል አጠገብ ተለጥፏል። ከዜሮዋ ሥር በገዛ እጄ «ንጹሕ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ሁለት ጊዜም አስምሬበታለሁ።

ነገርኳት። ሳልሸፋፍን፣ የሰንጠረዡን ቃል እንዳለ ነገርኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያኔውኑ ልከሽኝ ቢሆን ኖሮ እድን ነበር?»

አዎ ብላት ገዳይዋ እኔ ነኝ። አይ ብላት ዋሸሁ።

«አላውቅም፣ አበልጄ።»

«አላውቅም ማለት ትችያለሽ ለካ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ያን ቀንም ይችኑ ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

የሸሚዟን ቁልፍ በግራ እጇ ልትቆልፍ ሞከረች፤ እምቢ አላት። ልረዳት እጄን ስዘረጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።