ዓይኗን የሳሉላት ቀን

ሥዕል ልማር ነው ስል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ። በእኔ ዕድሜ መጋረጃ ስትሰፋ የኖረች ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪ ጋር እርሳስ ይዛ ስትቀመጥ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን አንዳቸውም ለምን ብለው አልጠየቁኝም። እኅቴን ልስላት ነው የገባሁት። ፊቷ ከልቤ ሊጠፋብኝ ነበር።

ሐዋ ታናሼ ናት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ አንድ ቀን በባቲ አድርጋ ወደ ሳዑዲ ሄደች። ከጅቡቲ አንዴ ደወለች፤ ከዚያ ወዲያ ድምጿ የለም። ሞተች የሚል የለ፣ አለች የሚል የለ። ፎቶዎቿ በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተን ስንመለስ ከነአልበማቸው አልነበሩም። ኮምቦልቻ አብረዋት የሠሩት ልጆች ዘንድ ሄጄ ብለምን ብለምን አንድ ፎቶ ተገኘ፤ እሱም ጀርባዋን። እስቲ ጀርባ ምን ይደረጋል?

እማ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ አለች ወይስ የለችም? ካለች ትጠብቃታለች። ከሌለች ይሰገድላታል፣ ዱዓ ይደረግላታል። ሁለቱንም ማድረግ አልቻለችም። ሰው ሲመጣ «አብሽሪ» ይላታል፤ እሷም እሺ ትላለች። ሰውየው ሲወጣ በሩን እያየች ትቀራለች።

ትምህርቱ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ነው፣ ከአንድ ጫማ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል። አስተማሪያችን ጋሼ አግማስ ይባላሉ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ እሳቸውም ከአባታቸው ሥር ቀለም እየበጠበጡ ነው ያደጉት። ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ እንዴት እንደተስማማን አላህ ያውቃል።

አንድ ነገር ገና ስመዘገብ ነግሬያቸዋለሁ። ዓይን አልስልም። ሩህ ያለውን፣ ነፍስ ያለውን ነገር ሙሉ አድርጎ የሳለ ሰው የቂያማ ቀን «በል ሩህ ስጠው» ይባላል፤ ከየት አምጥቼ ልሰጥ ነው? ዓይን ከሌለው ግን ሙሉ ስላልሆነ ችግር የለውም ብላ እማ ፈቀደችልኝ። ሼኽ አልጠየቅንም፤ ቢከለክሉንስ ብለን። ጋሼ አግማስ «እንደ እምነትሽ» አሉ። ቅር እንዳላቸው ግን ፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሐዋ ድንች ነበረች። ከጎኔ የሚቀመጠው ወንድምአገኘሁ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ «ይቺ ከቦሩ ሜዳ የድንች ማሳ የመጣች ናት?» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀብኝ። እጄ ለመድ ሲያደርግ ግን መጣች። ጉንጯ ሞላ ያለ፣ አገጯ ሰርጎድ ያለ፣ ልክ በሄደችበት ዕድሜ። እማ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። በሌላ ቅዳሜ ስስላት ጉንጯ ጎደለ። ደግሜ ብስላት ባሰባት። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ወጣ፤ ሐዋ ጠባሳ አልነበራትም። በላጲስ አጥፍቼ እንደገና ስሠራው እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ወጣ። ከአፏ ግራና ቀኝ መስመር ገባ፣ ጆሮዋ ጋ ሽበት ጣል ጣል አለ። እኔ የማውቀውን ልስል እቀመጣለሁ፣ እጄ የማላውቀውን ያመጣል። «እኔ የምፈልገው ልጅቱን ነው እንጂ ይቺን ሴትዮ አይደለም!» ብዬ አንዱን ቀደድኩት። ጋሼ አግማስ ቁርጥራጩን ከመሬት ለቅመው ሰጡኝና «እጅሽን አትቆጪው» አሉኝ።

እማ ግን የቀሩትን ምንጣፍ ላይ በተራ ደረደረቻቸው። ብዙ ቆይታ አየቻቸው።

«እያረጀች ነው» አለች።

«አዎ፣ አበላሸኋት።»

«ፈትሂያ፣ የሞተ ሰው ያረጃል?»

ቀና ብዬ አየኋት። እማ እየሳቀች ነበር። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመን ሆነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ከቅዳሜ ወደ ቅዳሜ መኖር ጀመረ። እማ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ዛሬስ?» ትለኛለች። አዲስ ሽበት ካየች አልሐምዱሊላህ ትላለች። ከስታ ከመጣች «ሥራ በዝቶባት ነው፣ እነዚያ የሳዑዲ ሴትዮዎች እኮ አያዝኑም» ብላ ታዝንላታለች። ሰው ልጄ አረጀች ብሎ ደስ ሲለው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። እኔም ደስ አለኝ። እየፈራሁ ደስ አለኝ።

ጥቅምት ላይ ጋሼ አግማስ ጉዞ አዘጋጁ። ሐረጎ ተራራ ጫፍ ላይ ካለ ሀምዱ ከሚባል ገበሬ ቤት አርፈን ጥቂት ቀን እየሳልን ልንሰነብት። ከዚያ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ኮምቦልቻ ከነፋብሪካዎቿ ጣሪያ፣ ወደ ባቲ ከሚወርደው መንገድ ጋር ትታያለች። ሁሉም ሰው እሷን ሊስል ወንበሩን ወደ ገደሉ አዞረ። እኔ ኮምቦልቻን ምን ላድርጋት? ጀርባዬን ለገደሉ ሰጥቼ ሐዋን ጀመርኩ።

የዚያን ቀን ያለ ምንም ትግል መጣች። እጄ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ሻሿ እስከ ግንባሯ ወርዷል፤ እንዲያ ልሥራው አላልኩም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ደክሟታል፤ ዓይን ሳይኖራትም ድካሟ ይታያል። ጉሙ ከታች እየወጣ ወንበራችን ሥር ሲደርስ ወንጌላዊት የምትባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምሳ ደርሷል ብላ ጠራችን። ሥዕሏን ማቆሚያው ላይ ትቻት ገባሁ። ጋሼ አግማስ ጾም ላይ ስለነበሩ ውጭ ቀሩ።

ስመለስ ሐዋ ዓይን አላት።

ዓይን ብቻ አይደለም። የሐዋ የግራ ዓይን ሽፋሏ ከልጅነቷ ጀምሮ ወረድ ያለ ነበር፣ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። እዚያ ወረቀት ላይ የግራው ሽፋል ወርዷል።

«ማን ነካት?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ አግማስ። እርሳሱ አሁንም እጃቸው ውስጥ ነበር። «አባቴ ፊት ጀምረው ዓይን ሳይሰጡ ብቻውን አይተዉትም ነበር። ምግብም ቢቀርብላቸው አይነሡም። ባዶ ከቆየ ሌላ ነገር ይገባበታል ይሉ ነበር። ጉሙ ሲሸፍናት ... አላስቻለኝም። የአንቺን እምነት ረሳሁት፤ ይቅር በይኝ።»

«እኅቴን የት ያውቋታል?»

«አላውቃትም፣ ልጄ። እጄ ነው ቦታውን ያገኘው።»

አባቴ የሚሆኑትን ሰው በሰው ፊት ምን ያላልኳቸው አለ። ወንድምአገኘሁ ሊያበርደኝ ቀልድ ጀመረና ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ሲያርፍ ተወው። ዞሮ ከኋላዬ ወደ ገደሉ አየ።

«ይቺ ምንድን ነው የምታየው?» አለ።

ሁላችንም ዞርን። ጉም ብቻ ነበር፤ ኮምቦልቻም መንገዱም አይታዩም። ወንጌላዊት በዚህም በዚያም ቆማ ሥዕሏን አየቻት። «እኛን አታይም» አለች ቀስ ብላ፤ «የትም ብቆም እኔን አታይም።» ቀኑ ገና እኩል ነበር፤ ሁላችንም ግን ዕቃችንን ሰብስበን ቤት ገባን።

ላጲስ አንሥቼ ነበር። ወረድ ያለው ሽፋል ላይ ሳስጠጋው እጄ እምቢ አለ። የገዛ እኅቴን ዓይን ላጠፋ? ጠቅልዬ ይዣት ደሴ ተመለስኩ።

እማ ስታያት ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «እሷ ናት» አለች፣ ግድግዳው ላይም ሰቀለቻት። ስትሰግድ ሥዕሏ ፊት ለፊቷ እንዳትሆን በጨርቅ ትሸፍናታለች፤ ስትጨርስ ትገልጥላታለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓይን የሌላትን ሐዋ እንደ ልማዴ ሳልኩ። ያቺው መጣች። በሌላውም ቅዳሜ ያቺው። ሻሹ እዚያው፣ የከንፈሯ ስንጥቅ እዚያው፣ ሽበቱ እዚያው። ወረቀቶቹን ደራርቤ መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃን ያዝኳቸው፤ መስመሩ ከመስመር ላይ ገጠመ። አንዷ ፀጉር እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ጋሼ አግማስ ከኋላዬ መጥተው ቆመው አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲያ ለክፍሉ ሰው ፊት ማስተማር ትተው ማሰሮና ወንበር ብቻ ያስሉናል።

እሳቸው ዓይን ስለሰጧት ነው ነፍሷ የሄደችው? ወይስ ስትሄድ ዓይኗን በእሳቸው እጅ ላከችልን? አላውቅም። ወላሂ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ድምፃቸውን መስማት ያስጠላኛል። አንዳንድ ቀን እጃቸውን መሳም ያምረኛል።

ለእማ ግን ምን ልበላት? ሁለቱን ቅዳሜ ክፍሉ ዝግ ነበር ብዬ ዋሸኋት። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ በሐሳቤ ታየችኝና፣ ከክፍል ሳልወጣ እርሳሴን ቀረጽኩ። ከባዶው የዓይኗ ቦታ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር አወጣሁ። ጆሮዋ ጋ ሽበት ጨመርኩ፣ አንገቷ ላይ ሽብሽብ አደረግሁ። ጎበዝ ሆኛለሁ፤ አምሮ ተሠራ። በመንገድ ሁሉ፣ አሁን አልሐምዱሊላህ ስትል ቀና ብዬ ማየት አለብኝ እያልኩ ራሴን ሳዘጋጅ ደረስኩ።

እማ ወረቀቱን ተቀበለች። ወደ መስኮቱ ወሰደችው። አልሐምዱሊላህ አላለችም።

«ይቺን አንቺ ነሽ የሳልሻት» አለች።

«እማ፣ ሁሉንም እኔ አይደለሁ የሳልኳቸው?»

«አይደለሽም።»

ወረቀቱን በእርጋታ አጥፋ ሰጠችኝ። ሁለታችንም ቆመናል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ከሐረጎ።»

«ቀኑ ምን ነበር?»

«ጁምዓ።»

«ጁምዓ ሸጋ ቀን ነው» አለች። ግድግዳው ላይ ወዳለችው ሐዋ ዞረች። «ታዲያ ልጄን ይህን ሁሉ ቅዳሜ ያለ ዱዓ ታቆያታለሽ?»

ውዱእ የምታደርግበት ውሃ አቀረብኩላት። ክንዷን ስትታጠብ ትቻት፣ የሰፈሩን ዱዓ የሚመሩትን ሴቶች፣ ዱበርቲዎቹን፣ ልጠራ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ጎረቤታችን ፋኢዛ ደጇ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ምነው ፈትሂያ፣ በደህና ነው?»

«ሐዋ ሞታለች» አልኳት። እነዚያን ቃላት ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማን ነገራችሁ አላለችኝም። እርጥቡን ልብስ ሳፋው ውስጥ መልሳ ጣለችና ወደ እማ ሮጠች።