የማማ ዑዳ ኪኒን

መሕቡባ በሰባት ዓመት የኩዌት ኑሮዋ የሰው ዕቃ ነክታ አታውቅም። ሌባ ተባለች፤ እሱም በእናቷ ቅጠል የተነሳ ነው።

ሚሽሪፍ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤት ሥራዋ የአሠሪዋን የማዳም ሰሃርን እናት መንከባከብ ነበር። ቤተሰቡ «ማማ ዑዳ» ይላቸዋል፣ ትልቋ እናት ለማለት። ስኳርም የልብ ሕመምም አለባቸው፤ ኪኒን ሲያዩ ግን ፊታቸው ይጨማደዳል። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ያሉት የመሕቡባ እናትም ያው ሕመም ነው ያለባቸው። እዚያ ደግሞ ኪኒኑ ከጠፋ ወር ሙሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሽፈራው የሚሉትን የሞሪንጋ ቅጠል አፍልተው ይጠጣሉ።

እናትየው ያንን ቅጠል ለልጃቸው በመንገደኛ ላኩላት። ማማ ዑዳ ቀምሰው ወደዱት። የልጅ ልጃቸው ኑርሀን ደግሞ ቅጠሉ ኦክስጅን ያጠረውን የስኳር በሽተኛ ልብ ከጉዳት እንደሚጠብቅ ከስልኳ አነበበችላቸው። የተሞከረው በአይጥ ነው የሚለውን መስመር ማን ይይ!

ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ኪኒኑን ከመሕቡባ ይቀበሉና መልሰው እጇ ላይ ያኖሩታል።

«ለእናትሽ ላኪላት» አሉ። «እሷ ቅጠሏን ሰጠችኝ፣ እኔ ኪኒኔን እሰጣታለሁ። ለሰሃር እንዳትነግሪ።»

መሕቡባ ፈርታለች፤ ግን የእናት ነገር አንጀት ይበላል። ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ ብላ ራሷን አታለለች። ስምንት ወር ሙሉ ኪኒኑ እየተጠራቀመ ሐይቅ ወረደ።

አንድ ረፋድ ማማ ዑዳን ላብ አጠመቃቸው፣ ትንፋሽም አጠራቸው፤ ሆስፒታል ተወሰዱ። ደረታቸውን አላመማቸውም። ስኳር የቆየበት ሰው ልቡ ደም አጥቶ ሲታፈንም ሕመሙ ላይሰማው ይችላል አለ ሐኪሙ። ከዚያ መድኃኒታቸውን በትክክል ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀ። ማዳም አንድ ቀንም አቋርጠው እንደማያውቁ ነገረችው።

መሕቡባ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ሥራዋም የእናቷ መድኃኒትም በዚያ ዝምታ ላይ ነው ያሉት። ሐኪሙ በውሸት ላይ ተመርኩዞ ሲያክማቸው ግን ቆማ ማየት አልቻለችም።

«ስምንት ወር አልወሰዱም» አለች፤ የቀረውንም ሁሉ ተናገረች።

ማማ ዑዳ ተረፉ። ሐኪሙ መሕቡባ በመናገሯ ነው አለ። ማዳም ግን የእናቴን ኪኒን የሰረቀች ቤቴ አታድርም ብላ ሻንጣዋን አስወጣች። ማማ ዑዳም ሲጠየቁ ልጃቸውን ፈርተው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እኔ ነኝ የሰጠኋት የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። እንዲህም አለ ለካ።

ሠራተኛ በሚያስቀጥረው ቢሮ፣ መክተብ በሚሉት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ እናቷ ጋ ደወለች። ከእንግዲህ ኪኒን እንደማይመጣ፣ በእጅ ያለውን እንዲቆጥቡት ነገረቻቸው።

«አታስቢ ልጄ» አሉ እናቷ። «አንዱንም አልነካሁት። እኔ ቅጠሌን እየጠጣሁ ነው። ስኳር በዘር ይሄዳል ሲሉ ሰምቼ፣ አንቺን የያዘሽ ቀን ብዬ ሁሉንም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ።»

መሕቡባ ቶሎ ብላ ላብ ያጠምቃቸው፣ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ሰሞኑን ትንሽ ትንሽ» አሉ። «ግን ምንም አያመኝም።»