የኋላ ማርሽ

ገነነ ከነሐሴ ጀምሮ አንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር ሲከስ ነው የከረመው። ታናሽ ወንድሙ ዓብይ፣ ውልብልቢቱ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ሊፈታ ወደ ፊዮርዱ፣ ወደ ባሕር ወሽመጡ ወርዶ ነበር። ሞተሩን አላጠፉትም፤ አንዴ ከጠፋ አይነሣማ። ውልብልቢቱ ድንገት ዞረና ዓብይን ገደለው። «ማርሹ በራሱ ገባ» አለ ገነነ። ለፖሊስ አለ፣ ለቄሱ አለ፣ ለቅሶ ለደረሰው ሁሉ አለ። ሞተር አፍ የለው፤ የሚከራከረው አልነበረም።

አሁን ሚያዝያ ነው። የዓብይ ሚስት ፋናዬ ባሏ የሞተበትን ቦታ በዓይኔ ካላየሁ ስላለች፣ ሞተሩን እንዲሠራ ንዋይ ተጠራ። ንዋይ ኦከርን ሰፈር ጎማ ቤት የሚሠራ፣ ክፍት ሞተር ካየ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው። ገነነ ግን ከጥገናው ይልቅ የሚፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ «እውነትም በራሱ ይገባል» የሚል።

ንዋይ ብሪጋው፣ የጀልባ ማቆሚያው ላይ ተንበርክኮ ክዳኑን አነሣ።

«ጋሼ፣ አገኘሁት።»

«ላልቷል አይደል?»

«ኧረ ምን ሊላላ! ከማርሽ ማንሻው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ ዝጎ ተጣብቋል። የአንድ ክረምት ዝገት እንዳይመስልህ፣ የዓመታት ነው። ይሄ በራሱ ከገባ እኔም ጳጳስ ነኝ። እንዴት ነበር የምታስገባው?»

ገነነ በእግሩ ነበር የሚያስገባው። ያን ቀንም በተረከዙ ነው የመታው። ዓብይ ከውሃው ውስጥ «ኋላ!» ብሎ ሲጮህ፣ ገመዱ እንዲፈታለት የኋላ ማርሽ አስገባ ያለው መሰለው። ቆይ፣ በኋላ ማለቱ እንደነበር የገባው ውሃው ከቀላ ወዲህ ነው። ለራሱ የሚነግረው እንደዚያ ነው።

ንዋይ ቀና ብሎ አየውና ድጋሚ አልጠየቀም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቀ፣ ዘንጉን ግራሶ ቀባ፣ ማንሻውን ሳብ አደረገ። ቀጭ አለ።

«አሁን በሁለት ጣት ይገባል» አለ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ።

ፋናዬ ከምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ከባርነሃገው ፈቃድ ወስዳ ከላምበርትሴተር ሰፈር መጣች። በጥቁር ልብሷ ላይ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ደርባለች።

«ንዋይ፣ ምን ሆኖ ነው?»

ንዋይ ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገ። «ማርሹ ነው።» ማርሹ መሆኑማ እውነት ነው።

«እኔስ ብያለሁ! ሰው ጋሼን ሲያማ፣ ማርሹ ነው እያልኩ አፍ ሳስይዝ የከረምኩት እኔ ነኝ።» ጀልባዋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። «በል ጋሼ፣ ቦታውን አሳየኝ።»

ገነነ ሞተሩን አስነሣ። እጁ ማንሻው ላይ እንዳለ ፋናዬ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ የተናገረው ነገር ነበር? ፈርቼ ነው እስካሁን ያልጠየቅኩህ።»

ንዋይ መሣሪያዎቹን መልቀም ጀመረ። ገነነ መዋሸት አያቅተውም፤ ክረምቱን ሙሉ ተለማምዶታል። ደክሞት ይሁን ወይስ ሰው ይያዘኝ ብሎ፣

«‹ኋላ› ነው ያለኝ» አለ።

ፋናዬ አንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም።

«የሱ ነገር! ቆይ፣ በኋላ ማለቱ ነዋ። ቤትም እንደዚያው ነበር። ቆሻሻውን አውጣ ስለው ኋላ፣ ሂሳቡን ክፈል ስለው ኋላ...» እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። ዓይኗ ከገነነ ፊት ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ማንሻው ወረደ።

«ምኑን ነው ታዲያ ኋላ ያለህ?»

ገነነ ሞተሩን አጠፋ።